የተረፈውን ስጡኝ

አጎቴ ካረፈ ወዲህ ሰው ሁሉ ደግነቱን ያነሳል። እኔ ግን የምትመላለስብኝ አንዲት ቃሉ ናት፤ "የተረፈውን ስጡኝ።"

ሻንቶ ከተማ፣ እኛ ሰፈር፣ ጎረቤቱ ዓመቱን ሙሉ እያዋጣ ለመስቀል በሬ ይገዛል። ገንዘቡን የሚይዘው አጎቴ ነበር። አንድ ዓመት በሬ ሊገዛ ሶዶ ሄዶ ፑል ቤት ገባ፤ የበሬውን ብር በሙሉ በአንድ ጨዋታ አስይዞ ተበላ። ለማሸነፍ ጥቁሯ ኳስ ብቻ ቀርታው ነበር ይላሉ።

በዚያ መስቀል የታረደው የራሱ የእርሻ በሬ ነው። ከዚያ ወዲህ ሥጋው በእንሰት ቅጠል ላይ ተመድቦ ዕጣ ሊጣል ሲል፣ ሰው ሁሉ ለምልክት ጠጠር ወይም ስንጥር ይሰጣል፤ አጎቴ ግን እጁን ኪሱ ከቶ ይቆማል።

"ያንተስ ዕጣ?" ይሉታል።

"የተረፈውን ስጡኝ።"

እኛ ቤተሰቦቹ ያኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠን እንወድ ነበር። አቀርቅረን እንቆማለን።

ዘንድሮ በእሱ ቦታ የቆምኩት እኔ ነኝ። ተራዬ ሲደርስ ሳላስበው፣ "የተረፈውን ስጡኝ" አልኩ።

ሥጋውን የሚመድቡት ሽማግሌ ቢላዋቸውን አስቀመጡ።

"ልጄ፣ እኛ እኮ የእርሻ በሬው የታረደ ዕለት ይቅር ብለነዋል። እናንተ ስታፍሩበት እያየ ነው እጁን ከኪሱ ያላወጣው።"

ጎንበስ ብዬ ጠጠር አንስቼ ሰጠኋቸው። ቀና ማለት ግን አቃተኝ።