ሐይቁ እስኪደርቅ

ነጭ ኮላ ኮምጠጥ ያለ፣ እንደቆየ እርጎ ያለ ሽታ አለው። ትናንት ለአራተኛ ክፍል ተማሪዎቼ የእጅ ሥራ ላስተምር ክዳኑን ስከፍት ያ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ፤ ሹራቤን ደረቴ ላይ ሰበሰብኩ። ልጆቹ የበረደኝ መሰላቸው፤ አንዷ ተነሥታ መስኮቱን ዘጋችልኝ። ለእኔ የፍርሃት ሽታ እሱ ነው።

ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ስለ መንግሥት ለውጡ በየሻይ ቤቱ ይወራ የነበረው ገና ከሰው አፍ ሳይጠፋ፣ ጦርነቱ ከወልድያ ወዲህ አስፋልቱን ይዞ መውረድ ጀመረ። ትምህርት ቤታችን የተፈናቃዮች ማደሪያ ሆነ። ኮምቦልቻ የእንጨት ሥራ ይማር የነበረው ታላቅ ወንድሜም ኮሌጁ ሲዘጋ ሐይቅ ከተማ፣ እናታችን ቤት ተመለሰ። ጎረምሳ ነው፤ ለሰፈሩ እንግዳ ሆኗል፤ ሲደነግጥ ደግሞ አንደበቱ ይያዛል። በዚያ ሰሞን እነዚህ ሦስቱ በአንድ ሰው ላይ መገናኘታቸው ክፉ ነበር። ሰፈር የሚጠብቁት ሰዎች የማያውቁትን ወጣት «ሰርጎ ገብ» እያሉ ይይዙ ነበር። ከወፍጮ ቤቱ በር ላይ አንድ ልጅ ተይዞ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ እግር ነጠላ ጫማው መንገዱ ላይ ቀረ፤ ለቀናት ማንም አላነሣውም። ልጁም አልተመለሰም።

እናታችን ወንድሜን ከቤት እንዳይወጣ ከለከለችው። «እጅህን ሥራ አስይዘው እንጂ መስኮት ላይ አትቁምብኝ፣ በአላህ!» አለችው። እሱም የአሮጌ ቁም ሳጥን መዝጊያ መሬት ላይ አጋድሞ ሐይቅ መሥራት ጀመረ፤ የራሳችንን ሐይቅ። አባታችን ዓሣ አስጋሪ ነበር። ጦርነቱ ሳይመጣ ታሞ ሞተ፤ ታንኳውም ዳር ላይ በሰበሰ። «ከተሰደድን ሐይቁን ይዘን ነው የምንሰደደው፤ አባዬንም» አለኝ ወንድሜ።

ውሃ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ። ሰው ሁሉ ውሃ ሰማያዊ ነው ብሎ ይጀምርና ይሳሳታል። ውሃ መልኩን የሚያገኘው ከሥሩ ካለው ነገር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ወለሉን ቀባን፤ ዳር ዳሩን ጭቃማ ቢጫ፣ ቀጥሎ የደንገል አረንጓዴ፣ መሐሉን ሊጠቁር የደረሰ ሰማያዊ። የዳርቻውን መስመር በክር ወጠርነው፤ ክሩን የያዙልን የእናታችን የሻሽ ስፒሎች ነበሩ፣ አናታቸው ቀይ። ተራሮቹን በሰጋቱራና በኮላ ቆለልን፤ መንገዱን፣ ወደ ውሃው የገባውን የእስጢፋኖስን ገዳም መሬትም ሠራን። ከገዳሙ አጠገብ ወንድሜ አባታችን የተቀመጠበትን ትንሽ ታንኳ ከእንጨት ጠርቦ አኖረ። ከዚያ ኮላውን በስሱ ማፍሰስ ነው። ኮላ ሲፈስ ወተት ነው፤ ሲደርቅ ይጠራና የሥሩን ቀለም ያሳያል። ሕጉ አንድ ነው፦ በቀን አንድ ስስ ድርብ ብቻ። ያወፈረ ሰው ላዩ ቆዳ ያበጅበታል፣ ውስጡ ግን ወተት እንደሆነ ይቀራል። ሞገዱ የሚነሣው በመጨረሻ ነው፣ ኮላው ግማሽ ሲደርቅ፣ በማበጠሪያ ጥርስ።

ጥልቅ ያልሆነው ዳሩ ቀድሞ ስላለቀ ወንድሜ ሞገዱን በዳሩ ሁሉ አነሣ፤ ከአባታችን ታንኳ ዙሪያ በቀር። እዚያ ውሃውን ለጥ አድርጎ ተወው።

አንድ ቀን ጠዋት ከውጫሌ በኩል የከባድ መሣሪያ ድምፅ መጣ። ብርጭቆዎቹ መደርደሪያው ላይ ተንጫጩ። ገና መሐሉ ላይ ብዙ ድርብ ይቀረን ነበር። ወንድሜ ዞር ብሎ አየኝ፣ ጣሳውን አነሣ፣ የቀረውን ኮላ በሙሉ ጥልቁ ቦታ ላይ ገለበጠው። «ምን ማድረግህ ነው?» ስለው «ነ... ነገ የለም» አለ።

ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ሁለት ናቸው፦ አንዱ ሽበት የጀመረው፣ አንዱ ክላሽ ያነገተ ወጣት። ሁለቱንም አናውቃቸውም።

«እንግዳ አለ ብለውናል፣ እትዬ» አለ ሽበታሙ።

«ልጄ ነው፣ አያ። ከዚህ ሆድ የወጣ» አለች እናቴ።

«ታዲያ ምን ይደብቀዋል?»

«ማን ተደበቀ? ሥራ ይዞ ነው።»

ወጣቱ አልፏት ገባ። መሬት ላይ ያለውን ሲያይ እግሩ ተተከለ። «ና ጉድ እይ! ካርታ ነው! መንገዱ አለ፣ ተራራው አለ፣ ገዳሙ አለ!» ቀያዮቹን ስፒሎች በአፈሙዙ ነካ ነካ አደረጋቸው። «እነዚህስ የማን ምሽግ ናቸው?»

«የ... የ...» አለ ወንድሜ።

«የምን? ምላስህን እዚህ ካርታ ውስጥ ነው የቀበርከው?»

እኔ ጣልቃ ገባሁ። የእናቴ የሻሽ ስፒሎች ናቸው አልኩ። ከዚያ በኋላ ማቆም አቃተኝ። አንደኛ ወለሉ ይቀባል፣ ሁለተኛ ክሩ ይወጠራል፣ ሦስተኛ ኮላው በስሱ... ሁሉንም በተራ በተራው አስረዳሁ፤ ካስረዳሁ የሚያምኑኝ መስሎኝ።

«ልጄ፣ ተንፍሺ እንጂ» አለኝ ሽበታሙ። «የእሱ ክላሽ እንኳ እንዳንቺ አይፈጥንም።»

«ሸምድዳ ነው!» አለ ወጣቱ። «ማነው ያስጠናሽ?» የወንድሜን ክንድ ወደ ኋላ ጠመዘዘና ወደ በሩ ገፋው። እናቴ በሩን በሰውነቷ ዘጋች። ያ መንገድ ላይ የቀረ ነጠላ ጫማ ታየኝ።

ሽበታሙ ሰውዬ ግን በርከክ ብሎ ነበር። «ይሄ ውሃ ነው ትሉኛላችሁ?» አለና ሌባ ጣቱን መሐሉ ላይ ተጫነው። ቆዳው ተቀደደ፤ ነጩ ፈሳሽ ጣቱን ዋጠው። አውጥቶ አሸተተ። «ኮላ ነው» አለ ለራሱ። ዓይኑ ከዚያ ወደ ታንኳው ሄደ፤ ቆየበት።

«እዚህ ለምን ሞገድ የለም?»

እናቴ መለሰች፤ «አባታቸው ነው፣ አያ። ገዳሙ አጠገብ ሲደርስ ቅዳሴ ላይ ከሆኑ መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አድርጎ ይቆማል። ውሃው እንዳይንቦጫረቅባቸው። እስኪጨርሱ አይነቃነቅም ነበር።»

ከሩቅ መድፉ ሁለት ጊዜ አጓራ።

«ቆሎ ተማሪ ሳለን ከላይ ሆነን እናየው ነበር» አለ ሽበታሙ። «'እስላሙ ቆመ' እንባባል ነበር። ርቦን ስለነበር ቅዳሴው ሲረዝም ለእሱም ነበር የምናዝንለት።» ቀና አለ። «ልቀቀው።»

«አንተ ደግሞ! ታንኳ አይተህ?»

«ልቀቀው አልኩህ! ለጦርነት ካርታ የሚሠራ ሰው፣ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ይሠራበታል?»

ወጣቱ እያጉረመረመ ለቀቀው። ሽበታሙ በር ላይ ሲደርስ በኮላ የነጣ ጣቱን አየና «ውሃችሁን አበላሸሁባችሁ» አለ።

«ግድ የለም፣ አያ» አለች እናቴ። «ይደርቃል።»

በማግስቱ ወደ ደሴ ተሰደድን። ሐይቁ አልደረቀም ነበር፤ መሸከም አልቻልንም፤ አልጋ ሥር ገፍተን ሄድን። ወራት ቆይተን ስንመለስ የቤቱ ዕቃ ተወስዷል፤ አልጋውም የለም። ሐይቁ ግን ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ጠበቀን። ዙሪያው ጠርቷል። መሐሉ ደመና እንደያዘ ነጥቶ ቀርቷል፤ በነጩ ውስጥ የሰውዬው ጣት ጉድጓድ እንዳለ ደርቋል።

እኛ የተሰደድን ዕለት ጠባቂዎቹ ወደ ጋራው ወጥተው እንደነበር ወፍጮ ቤት ሰማን። ሽበታሙ አልወረደም። ወንድሜ ብሩሽ ይዞ ጉድጓዱን ሊደፍን ጎንበስ ሲል እናቴ እጁን ያዘችው። «ተወው» አለችው። «ከሰውዬው እኛ ዘንድ ያለችው እሷ ናት።»

ዛሬ ሐይቁ ክፍሌ ውስጥ፣ ጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ተቀምጧል። ለልጆቹ ወለሉን፣ ክሩን፣ ድርቡን፣ ማበጠሪያውን በተራ አስረዳለሁ። ጉድጓዱ ጋ ስደርስ አልፈዋለሁ። ትናንት ግን መስኮቱን የዘጋችልኝ ልጅ ቀርባ ጣቷን ቀስ አድርጋ አስገባችበት።

«ሰፋኝ፣ ቲቸር» አለችኝ።