ኮርቻው በአያቴ ትከሻ

አያቴን የዲላ ገበያተኛ የሚያስታውሳቸው ኮርቻ ተሸክመው ነው። ጣሊያን የሰፈሩን ፈረስ ሁሉ ሲወስድ፣ ያረጀው ዳማ ፈረሳቸው በማንከሱ ተረፈ። ቁስል የለው፣ ኮቴው ሲዳሰስ አይግል፤ ብቻ የፊት እግሩን ቀስ አድርጎ ይረግጣል።

«ምክንያቱን ካልነገረኝ አላስገድደውም» ይሉና ኮርቻውን በትከሻቸው አድርገው፣ ጣሊያን ካነጠፈው ጠጠር መንገድ ወርደው ፈረሱን በሣሩ ዳር ይስቡት ነበር።

«አባባ፣ ኮርቻው የማን ነው፣ የእርስዎ ወይስ የፈረሱ?» እያለ መንገደኛው ይስቃል።

«ተራዬ ነው፣ ልጄ። እሱ ስንት ዘመን ተሸክሞኛል።»

በቀብራቸው ዕለት ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ፈረሱ ኮርቻ ተጭኖ አስከሬኑን ይከተል አሉ። እኔ ግን ኮርቻውን ተቀብዬ በትከሻዬ አደረግኩና ፈረሱን በሣሩ ዳር ሳብኩት። ማንም አልሳቀም።

ኮርቻው ይህን ያህል እንደሚከብድ አንድም ቀን ነግረውኝ አያውቁም።