ያልደረቀ ስም

«ወለተ... ማን ነው የሚለው ይሄ?»

ዛሬ ጠዋት፣ ቡሬ አጠገብ ባለች የገጠር ቤተ ክርስቲያን፣ በአክስቴ ልጅ በይርገዱ የአርባ ፍትሐት ላይ ቄሱ ካርዱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ጠየቁ።

ካርዱን ያተምኩት እኔ ነኝ፤ ፍኖተ ሰላም፣ ቤቴ ባለው ፕሪንተር። ካህናቱ የክርስትና ስሟን እንዳይሳሳቱ ብዬ ነበር።

የፎቶ ወረቀቱን ገልብጬ አስገብቼው ኖሮ፣ ቀለሙ በጀርባው ላይ አልደረቀም። ካርዶቹን ሳይደርቁ ደራርቤ በፌስታል ጠቀለልኳቸው። ፕሪንተሩ ግን «በሚገባ ታትሟል» ብሎኝ ነበር፤ ልክ እንደ ስብሰባ ሪፖርት።

«ወለተ ማርያም ይመስለኛል» አለ ዲያቆኑ።

ቄሱ ወደ እኔ አዩ። ስሙን ከአክስቴ በስልክ ተቀብዬ ነው የጻፍኩት፤ ጠፍቶኛል። የሰው የፊደል ግድፈት ሳርም የምውል ሰው፣ አላውቅም ለማለት አፍሬ በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ።

ጸሎቱ ሲያልቅ አክስቴ ከሴቶቹ መካከል ወጥተው መጡ።

«የኔ ልጅ ወለተ ኪዳን ናት። እስካሁን ያስጸለይኸው ለማን ነው?»

ቄሱ ጸሎቱን ከመጀመሪያው ጀመሩ።

ቤታችሁ ካርድ የምታትሙ፣ መጀመሪያ አንድ ብቻ አትሙና በረጠበ ጣት አሹት። ቀለሙ ካልለቀቀ ቀጥሉ። ሳትደራርቡ አድርቁ። ስሙን ደግሞ በቃላችሁ ያዙ።

እናንተንም እንዲህ አንገት ያስደፋ ካርድ ካለ ጻፉልኝ። ስትጽፉ ግን ለይርገዱ አንድ ጸሎት አድርሱላት። ወለተ ኪዳን ትባላለች።