በሬዬ ለፊልም የሞተ ዕለት

ልጆቼን ቪዲዮ ቤት እንዳይገቡ የከለከልሁ፣ ፊልም ሥራ ፈት ያበዛል እያልሁ ጎረቤቱን ሁሉ ያሰለቸሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ ከአዲስ አበባ የመጡ ፊልም ሠሪዎች በሬዬን ሲከራዩኝ ለማንም አልተናገርሁም። ጥፋቱ ከዚህ ይጀምራል።

ፊልሙ በአያቶቻችን ዘመን ከብት በበሽታ ያለቀበትን ክፉ ቀን የሚያሳይ ነበር። ሥራው ከፍኖተ ሰላም ወደ ጅጋ ሲኬድ ከመንገዱ በታች ባለው ሜዳ ላይ ነው። ከሩቅ በድን የሚመስሉት ከብቶች ጭድ የተጠቀጠቀባቸው ቆዳዎች ናቸው። ከቅርብ ለሚታየው ግን እውነተኛ በሬ አስፈለገ። የከብት ሐኪም የሚያስተኛ መርፌ ወጋው። ጎድኑ የገጠጠ እንዲመስል በከሰል አሰመሩበት፤ ዝንብ እንዲወረው አፍንጫውን ማር ቀቡት። እኔ ዳር ቆሜ ትንፋሹን እጠብቃለሁ። የእርሻ ወቅት ነው፤ እሱ ከሌለ ሁለተኛው በሬዬ ብቻውን አያርስም።

በመንገድ ያለፈ ሰው አይቶ ኖሮ ወሬውን መንደር አደረሰ። በእኛ አገር የሰው በሬ ከወደቀ ሳይሞት ደርሶ ማረድ፣ ሥጋውንም ተካፍሎ ለባለቤቱ መተኪያ ማዋጣት ግዴታ ነው። ጎረቤቶቼ ቢላዋ ይዘው እየሮጡ መጡ። ከፊት የልጄን ክርስትና ያነሣው አበልጄ ነበር።

"አይዞህ፣ ነፍስ አለችው" አለኝ። "ራሱን ወደ ምሥራቅ አዙሩልኝ።"

"ተው አበልጄ፣ ተኝቶ ነው።"

"ጎድኑ እንዲህ ወጥቶ? ስንት ቀን ታሞ ነው የደበቅኸን?"

"ለፊልም ነው። መርፌ ተወግቶ ነው።"

ወደ ሌሎቹ ዞረ። "አንተና ፊልም? ሐዘን ነው የሚያናግረው። ያዙልኝ።"

ሁለት ጎረቤቶቼ ክንዴን ያዙኝ። አልፈርድባቸውም፤ ስብከቴን ዓመታት የሰሙ ሰዎች ናቸው። አበልጄ በስመ አብ ብሎ ቢላዋውን አነሣ። የፊልሙ አዘጋጅ ደግሞ ካሜራው እንዳይቆም በእጁ ምልክት ይሰጣል።

ተፈናጥሬ አመለጥሁና በሬው አንገት ላይ ተደፋሁ።

"ኪራይ ተቀብያለሁ" አልሁ። "ቃሌን ስላፈረስሁ አፍሬ ነው የደበቅኋችሁ።"

የሚያሳፍረኝን ስናገር ነው ያመኑኝ።

አበልጄ ቢላዋውን ወደ ሰገባው ከተተ። "እርሻዬን አቋርጬ፣ ጥማዴን ፈትቼ ነው የሮጥሁት" አለ። ጎረቤቶቼ እዚያው ቆመው ፈረዱብኝ፤ ሁለቱን በሬዎቼን ይዤ ለሁለት ቀን የእሱን ማሳ እንዳርስ። ፍርዱ ልክ ነው፤ ይግባኝም አላልሁ።

በሬው አመሻሽ ላይ ተንገዳግዶ ተነሣ። ሲነጋ ቀንበር ተሸክሜ ሄድሁ። አበልጄ በሬውን ዙሪያውን አየና፣

"ዛሬም መሞት ካሰበ" አለኝ፣ "ማሳዬ ታርሶ ካለቀ ወዲያ ይሁን።"