ዝገት ያሰረው መስኮት

ዘንድሮ ክረምቱ ሊወጣ ሲል የበረንዳዬ ተንሸራታች በር አልንቀሳቀስ አለኝ። የአሰላ ዝናብ ያመጣውን ጭቃና የሞቱ ዝንቦችን ከሐዲዱ ላይ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጠርጌ፣ ጎማዎቹ ላይ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ ሳደርግ ያ ቀጭን ሽታ አፍንጫዬ ገባና እጄ ባለበት ቀረ። አርባ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ሽታው ግን ያው የዚያን ቀኑ ነው።

የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ ነርስ፣ አባቴ አስተማሪ፣ ሁለቱም ከጎጃም ተመድበው መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው። የኪራይ ቤታችን ተዳፋት ላይ የተሠራች ስለነበረች ከፊት ሲያዩዋት ከመሬት እኩል ናት፤ ከኋላ ግን ከፍ ያለ የድንጋይ ካብ ላይ ተሰቅላለች። በዚያ በኋላ በኩል፣ እኔ በምተኛበት ክፍል፣ ተከፍቶ የማያውቅ የእንጨት መስኮት ነበር። ማጠፊያው ቡናማ ቅርፊት አውጥቷል፤ መሸጎሪያው ከቀለበቱ ጋር ተጣብቆ አንድ ብረት ሆኗል። በጠራራ ፀሐይ መብራት አብርቼ የቤት ሥራዬን ስሠራ ለምን እንደማይከፈት አባቴን ብጠይቀው፣ «እናትሽ ብርድ አትወድም» ይለኛል፤ እኔም ብርድ የማይወድ ሰው ከነጭራሹ አሰላ ምን ሊሠራ መጣ እያልኩ እገረም ነበር።

በመስከረም አንድ ቅዳሜ እናቴ ሥራ ገብታ፣ አባቴ ለስብሰባ ሁሩታ ሄዶ ሳለ፣ መስኮቱ የማይከፈተው ዝገቱ አስቸግሯቸው ነው ብዬ፣ እናቴን ባልጠበቀችው ነገር ላስደስታት ቆርጬ ተነሳሁ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ጋሽ ከድር ዘንድ ሄጄ ለዛገ መስኮት የሚሆን ዘይት ለመንኳቸው። ወደ ሰፈራችን ከመጡ ሁለት ዓመት አልሞላቸውም፤ እኔን ሲጠሩኝ «ኢንታላ» ይሉኛል፣ ልጅቷ ለማለት።

«ዝገቱ ላይ ዘይት ብታፈሺ ጭቃ ነው የሚሆነው፣ ኢንታላ» አሉኝ ከመነጽራቸው በላይ እያዩኝ። «መጀመሪያ በላምባ አርሺው፣ ፋቂው፣ በጨርቅ አድርቂው። ከዚያ ጠብ፣ ጠብ። እያንቀሳቀስሽ።»

እንዳሉኝ አደረግኩ። ግማሽ ቀን ሙሉ አርሼ ስፍቅ፣ ፍቄ ሳደርቅ ጣቶቼ ጠቆሩ፣ ቀሚሴ ላምባ ላምባ ሸተተ። መሸጎሪያው መጀመሪያ የፀጉር ያህል፣ ከዚያ የጥፍር ያህል ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ በድንገት ሸርተት አለና መስኮቱ ሲጥ እንኳ ሳይል ተከፈተ። የጭላሎ ተራራ ጉም እንደደረበ ፊት ለፊቴ ቆሞ ነበር፤ ብርሃን አልጋዬ ላይ ተኝቶ አየሁት። ከደስታዬ ብዛት መስኮቱ ላይ ወጥቼ እግሮቼን ወደ ውጭ አንጠልጥዬ ተቀመጥኩ።

እናቴ ስትገባ አልሰማኋትም። የሰማሁት ቦርሳዋ ሲወድቅ ነው። ዞር ስል ፊቷ እንደ ኖራ ነጥቷል፤ አልጮኸችም፤ ዶሮ ለመያዝ እንደሚጠጋ ሰው በቀስታ፣ በቀስታ ቀረበችኝና ቀሚሴን ከኋላ ጨምድዳ ጎተተችኝ። ተያይዘን ወለሉ ላይ ወደቅን። ደም አይታ የማትደነግጠው እናቴ ጥርሶቿ ሲንገጫገጩ ይሰማኝ ነበር።

«ማን ነው ዘይት ያደረገበት?»

«እኔ ነኝ እማዬ… ደስ እንዲልሽ ብዬ።»

ተነሥታ መሸጎሪያውን በአንድ ጣቷ ገፋችው። ሄደ። መለሰችው። መጣ።

«ያኔ እኔ ነበርኩ ያደረግኩበት» አለች። «ጠንካራ ነበር፣ ለእኔም አልከፈት ይለኝ ነበር። ጠርጌ ዘይት አደረግኩበት። በማግስቱ ወጥ ላማስል ወጣ ብል ዮናስ በአንድ ጣቱ ከፈተው።»

«ዮናስ ማን ነው?»

«ወንድምሽ። አንቺ ሳትወለጂ። ሦስት ዓመቱ ነበር። ከካቡ በታች፣ ድንጋዩ ላይ ነው ያገኘሁት።»

የመጀመሪያም የመጨረሻም ልጃቸው እኔ ነኝ ብዬ ነበር የምኖረው። ያ ዝገት የእናቴ ጠባቂ እንደነበረ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ጠብታ ሲገባበት እያየች ዝም የምትለው አውቃ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ፤ እኔ ደግሞ በላምባ ፍቄ ጨርሼዋለሁ። ታዲያ ለምን ከዚህ ቤት አልወጣንም ስላት፣ «ጥዬው የምሄድ ስለመሰለኝ» አለች።

አባቴ ሲመለስ ሁለታችንም ወለሉ ላይ ተቀምጠን ነበር። የተከፈተውን መስኮት አየ፤ ባርኔጣውን አወለቀና ያለችውን አንዲት ሙሉ ልብስ እንደለበሰ አጠገባችን ተቀመጠ። በማግስቱ ብርሃን የሚያስገቡ፣ ሰው ግን የማያሳልፉ ጠንካራ አግዳሚ እንጨቶች ከውጭ መታበት፤ እናቴም መስኮቱ ተመልሶ እንዳይዘጋ አለች።

ትምህርት ሲጀመር አስተማሪያችን መዝገብ ይዘው ስንት ወንድምና እህት እንዳለን እየጠየቁ ሲጽፉ ተራዬ ደረሰ። ተነሥቼ፣ «አንድ ወንድም አለኝ» አልኩ።

«ስንተኛ ክፍል ነው?»

«ገና ሦስት ዓመቱ ነው» ብዬ ተቀመጥኩ። ዛሬ እናቴም አባቴም የሉም። ዮናስ የሚባል ልጅ በዚህች ከተማ እንደኖረ የማውቅ እኔ ብቻ ቀርቻለሁ፤ ፎቶ እንኳ ስላልነበረው፣ እኔም መልኩን አላውቀውም።