ፈረንጁ ቀጥ ያለ ዕለት

ባለፈው እሁድ የልጅ ልጄ ስልኩን ይዞ መጣና «አባባ፣ የዌልስ ፈረስ አይተው ያውቃሉ?» አለኝ። አጠር ያለ፣ ደረቱ የሰፋ፣ ኮቴው ላይ ጠጉር የተንዠረገገበት ፈረስ አሳየኝ።

«ጋልቤዋለሁ እንጂ!» አልሁት። አላመነኝም። ምን ያድርግ፣ ያኔም ያየ እንጂ የሰማ አላመነም ነበር።

አንድ የእርሻ ባለሙያ ፈረንጅ ከዚያ አገር ያስመጣው ድንጉላ ነበረው። አባቴ ባዝራችንን ወስዶ አስጠቃት። የተወለደውን ዳማ አገሩ ሁሉ «ፈረንጁ» አለው። ቁመቱ ቢያስቅም ጉልበቱ ጉድ ነበር። ደብረ ማርቆስ ወስጄ ጋሪ ጠመድሁት፤ ከመናኸሪያ ገበያ፣ ከገበያ መናኸሪያ። ቤታችንን ያቆመው እሱ ነው። እኔ ግን ጎረምሳ ነኝና ባለጋሪ መባል ሞት ሞት ይለኝ ነበር። ደብረ ኤልያስ፣ ከወላጆቼ ዘንድ ስመለስ፣ የፈረስ ነጋዴ ነኝ እያልሁ እጎርር ነበር።

በዚያው ሰሞን እናንዬን ወድጄ ሽማግሌ ላክሁ። አባቷ አያ ደምስ «ለጥምቀት ጉግስ ሲጫወት ልየው፤ ቃሌን በማግስቱ ተመልሳችሁ ስሙ» አሏቸው።

ጥር ነው፤ ጤፉ ተወቅቶ አልቋል፣ ሜዳው አቧራ ብቻ፣ ሰፈሩ ጠላ ጠላ ይሸታል። ፈረንጁን አስጊጬ ለቀቅሁት። ወይ ሩጫ! እልልታው ቀለጠ። አያ ደምስ ፈገግ ሲሉ አየሁ፤ እናንዬ ከእናቷ ጎን ቆማለች። በቃ፣ አገባሁ አልሁ።

ይኼኔ ከዳር ጆንያ የያዙ አንዲት እናት ልጃቸውን ለመጥራት እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ። ፈረንጁ ቀጥ! ከዚያ ቀስ ብሎ ሄደና አጠገባቸው ቆመ። ብኮረኩረው፣ ብለምነው፣ ወይ ፍንክች! ተሳፋሪ አግኝቷላ።

«ገበያ! ገበያ! አንድ ሰው የቀረው!» ብሎ አንዱ ጮኸ። ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

አባቴ ሰዉን ሰንጥቆ መጣ። ይቆጣኛል ስል ጆንያውን ከሴትዮዋ ተቀብሎ ከፊቴ ጫነው።

«እንጀራችን ነው፤ ምን ያሳፍርሃል? አድርሳቸው» አለኝ።

ወርጄ ልጓሙን እየሳብሁ፣ አንገቴን እንደደፋሁ ሜዳውን አቋረጥሁ። ማታውኑ ሽማግሌዎቼን «በሞቴ፣ እንዳትመለሱ» አልኋቸው። ከፋሲካ በኋላ እናንዬ ለሌላ ተዳረች።

ልጁ ስልኩ ላይ ያሉትን ፈረሶች እያየ ይስቃል። እኔ ግን አምና ለቅሶ ቤት ያገኘኋት እናንዬ ናት ፊቴ ላይ ድቅን ያለችው። ሁለታችንም ሸብተናል። ንፍሮ እየቆነጠረች «አባዬ እኮ ያን ማታ፣ ሠርቶ የሚያበላ ልጅ ነው፣ ሰጥቻለሁ ብሎ ነበር» አለችኝ። «ሽማግሌዎችህን ስንጠብቅ ከረምን።»