ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ

ሁለት ወንድሞች አሉኝ፤ አንድ ታላቅ፣ አንድ ታናሽ። ከእንጦጦ ማርያም ዝቅ ብላ በነበረች የጭቃ ቤት ውስጥ ሦስታችንም በአንድ ብርድ ልብስ ስንጓተት ነው ያደግነው። የዚያን ተራራ ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል። ዛሬ ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ አይቀመጡም። ሰው «ውርስ አጣልቷቸው ነው?» ሲለኝ አፍራለሁ። ውርስ ቢሆንማ ምን ነበረበት! ሽማግሌ ቁጭ ብሎ ይገላግለዋል። የተጣሉት በፖለቲካ ነው። ያውም ሁለቱንም በስማቸው በማያውቋቸው ሰዎች ምክንያት።

አባታችን አማራ ነበር፤ እናታችን ከተራራው ጀርባ፣ ከሱሉልታ በኩል የመጣች የኦሮሞ ልጅ። አባቴ በአማርኛ ይቆጣል፣ እናቴ በኦሮምኛ ትመልሳለች። ጠቡ ሲከር ደግሞ ቋንቋ ይቀያየሩ ነበር፣ ስድቡ በደንብ እንዲገባ። እኛ ልጆቹ በየትኛው እንደተሰደብን እንኳ ልብ አንልም። ሲያድጉ ግን ወንድሞቼ ወላጆቻችንን እንደ ቅርጫ ሥጋ ተከፋፈሏቸው። ታላቁ የአባታችን ሆነ፣ ታናሹ የእናታችን። እኔስ? ማንም አልጠየቀኝም። የጎረቤት ልጅ ሳልሆን አልቀርም።

ደግሞ ቢያምርባቸው! ታላቁ ስለ አባቶቹ ሲያወራ አረፋ ይደፍቃል፤ የገዛ አባታችን መቃብር ላይ የበቀለውን አረም የምነቅለው ግን እኔ ነኝ። ታናሹ ስለ እናት ቋንቋ ደረቱን ይደቃል፤ እናታችን የመጨረሻ አልጋዋ ላይ ሆና ስታናግረው «ምን አለች?» እያለ በእኔ ነበር የሚያስተረጉመው። ከሰላምታ የማያልፍ ኦሮምኛ ይዞ የሕዝብ ጠበቃ ሆነ። ቂጥ ገልቦ ክንብንብ ማለት እንዲህ ነው።

ታላቁ ጉርድ ሾላ አካባቢ ቢሮ አለው፤ ከረባት ያስራል። ታናሹ ሚኒባስ አለው፤ የኋላ መስታወቱን መፈክር ሞልቶት ከኋላ የሚመጣውን መኪና አያይም። እኔ ቀበና፣ ወንዙ አጠገብ፣ በረንዳዬ ላይ ልብስ እሰፋለሁ። ባለቤቴ ከሞተ ቆይቷል፤ ለወላጆቹ አንድ ስለነበር በሱ በኩል የሚጠራ ዘመድ የለም። ያለችኝ አንዲት ሴት ልጅ ናት።

እሷ ናት እንግዲህ አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣ «እማ፣ ሽማግሌ ሊልኩ ነው» ያለችኝ። እልል ልል አፌን ስከፍት እጇን አፌ ላይ አደረገች።

«አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንሽ። አጎቶቼ ሁለቱም ይቀመጡልኝ። አባት የለኝም፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው ይስጡኝ። ከዚህ ሌላ ምንም አታድርጊልኝ።»

ሌላ ሰው ወርቅ ይጠይቃል። የእኔ ልጅ የጠየቀችው ሁለት ሰዎች አንድ ሶፋ ላይ እንዲቀመጡ ነው። እሺ አልኳት። ምን ልበላት?

ወቅቱ ደግሞ የምርጫ ቅስቀሳ ነበር። በየምሰሶው ፎቶ፣ በየመንገዱ የድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና። የታላቁ ፓርቲ ምልክት መሰላል፣ የታናሹ ወንፊት ነበር። ወንፊት! ውሃ የማይቋጥር ነገር ለምልክት ይመረጣል? መሰላሉም ቢሆን ያው ነው። የሚወጣው ይወጣል፣ ሥር ሆኖ የሚደግፈው እዚያው ይቀራል።

መጀመሪያ ታላቁ ዘንድ ሄድኩ።

«ወንድም ጋሼ፣ ልጃችን ልትዳር ነው። ሽማግሌ ይመጣል፤ የአባት ቦታ ትይዛለህ።»

«እሱ ይመጣል?»

«ይመጣል።»

«እንግዲያው እኔ የለሁም።» ከረባቱን አስተካከለ። ከዚያ «ቆይ፣ አንቺ ማንን ነው የምትመርጪው?» አለኝ።

እስቲ አሁን ይኼን ምን አመጣው?

«ለመሰላሉ ድምፅሽን ከሰጠሽ መጥቼ እቀመጣለሁ። ቤትሽ የማን ቤት እንደሆነ ልወቅ።»

«እግዜር ያውቃል» ብዬው ወጣሁ። የታናሹ ሚኒባስ መገናኛ ተራ ይዞ ቆሞ አገኘሁት። በመስኮቱ በኩል ነገርኩት። «እሱ ካለ አልመጣም» አለ። ከዚያ መሪውን እየደበደበ፣ «ወንፊቱን የምትመርጪ ከሆነ ግን ለእናታችን ስል እመጣለሁ» አለ። ለእናታችን! ድምፄን በእናቴ አጥንት ሊገበያይ! ለሱም «እግዜር ያውቃል» አልኩት። ሁለቱም እሺ እንዳልኩ ቆጠሩት። እንዲህ ያለ ሰው የሚሰማው ራሱን ብቻ ነው።

ቀኑ እሁድ ነበር፣ ማለዳ። ቤቱን ጠርጌ፣ ቄጠማ ጎዝጉዤ፣ ሶፋውን አዲስ ልብስ አልብሼው ነበር፤ ራሴ ነኝ የሰፋሁት። ታላቁ መጣ። ታናሹ መጣ። ሶፋው ላይ አንዱ በዚህ ጫፍ፣ አንዱ በዚያ ጫፍ፤ መሐላቸው ሦስት ሰው ያስቀምጣል። ይሁን፣ ሶፋው አንድ ነው አልኩ። ልጄና እኔ እንደ ወጉ ከመጋረጃው ጀርባ ገባን። ልጄ እጄን ይዛ ደስ አላት። እኔም ሞኟ ደስ አለኝ።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዣንጥላቸውን ተመርኩዘው ገቡና ቆሙ። መቼም ወጉን ሁሉም ያውቀዋል። ሽማግሌ ጉዳዩን ቆሞ ይናገራል፤ «ተቀመጡ» የሚለው የቤቱ አባት ነው። ካልተባለ አይቀመጥም። ደግ አባት ብዙ አያስቆማቸውም፤ ለወጉ ያህል ትንሽ አንገራግሮ፣ «ኧረ ቁጭ በሉ» ይላል።

ትልቁ ሽማግሌ፣ ጉልበታቸው የሚንቀጠቀጥ፣ «ልጃችሁን ለልጃችን ልንለምን ነው የመጣን» ብለው ጀመሩ።

ታላቁ ወንድሜ ጉሮሮውን ጠረገ። «ከየት ናችሁ?»

«ከፈረንሳይ ለጋሲዮን።»

«ሰፈሩን አይደለም። አመጣጣችሁን ነው።»

«አመጣጣችንማ በታክሲ ነው፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው። ከመጋረጃው ጀርባ ልጄ ሳቋን ዋጠች። የታወቁ ሰው መሆን አለባቸው፤ ስንቱን ቤት አይተውታል።

ታናሹ ግን ሳቅ አያውቅም። «ቀጥታ እንነጋገር። የልጁ ቤተሰብ በዚህ ምርጫ ወዴት ነው?»

«አንተ ምን አግብቶህ ትጠይቃለህ?» አለ ታላቁ። «የቤቱ ታላቅ እኔ ነኝ።»

«ይኼ የእናቴ ልጅ ቤት ነው። የኛ ቤት ነው። እህቴ እኛን ነው የምትመርጠው፣ ነግራኛለች።»

«ለማን? ለእኔ ነው የነገረችው!»

ሽማግሌዎቹ ቆመዋል። ትልቁ ዣንጥላቸው ላይ አጎነበሱ። በዚህ መሐል ሁለቱ፣ በስንት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ አፍ፣ «አንቺ! ነይ ውጪ!» ብለው ወደ መጋረጃው ጮኹ።

ወጣሁ።

«ማንን ነው የምትመርጪው? እዚሁ ተናገሪ!»

«ሰዎቹ ቆመዋል እኮ!» አልኩ።

«ይቁሙ! መጀመሪያ ይኼ ይለይ!»

ማንኛቸው እንዳለው እንኳ አላስታውስም። ማንኛቸውም ቢል ያው ነው። ፊቴን ወደ ሽማግሌዎቹ አዞርኩ። ታላቁ ተነሣና ኮቱን ቆለፈ፤ «የተደገሰልኝ ውርደት ነው» አለ። ታናሹ እሱ ከወጣ እኔም ምን አስቀመጠኝ ብሎ ተከተለው። ደጃፌ ላይ ማን ቀድሞ ይውጣ በሚለው ደግሞ ተገፋፉ፤ ውሸቴን ከሆነ ምላሴን ይቁረጠው። ሰው መሳይ በሸንጎ!

ሶፋው ባዶ ቀረ። ሦስት ሽማግሌዎች እንደቆሙ ቀሩ። ከመጋረጃው ጀርባ ልጄ ታለቅሳለች፤ ድምፅ ላለማሰማት የምትለፋው ልፋት ይሰማኛል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የተናደድኩበት የለም። ባለቤቴ ሲሞት እንኳ እግዜርን ነው የተቆጣሁት፤ እግዜርን መቆጣት ይቀላል።

«ተቀመጡልኝ፣ አባቶቼ» አልኩ።

ትልቁ ሽማግሌ በደግነት አዩኝ። «ልጄ፣ አንቺን ንቀን አይደለም። ግን የልጅቷን ነገር በአባት ቦታ ሆኖ የሚሰማን አንድ ሰው ካለ ጥሪልን። ነገ እሷን ማንም እንዳይነቅፋት።»

ነጠላዬን ሳላስተካክል ወጣሁ። ፊት ለፊታችን ሱቅ ያላቸው ሀጂ ናቸው፤ ልጄ እግር አውጥታ መጀመሪያ የሄደችው ወደሳቸው ብስኩት ነው። ሬዲዮናቸውን ከፍተው ስኳር ይመዝናሉ።

«ሀጂ፣ አዋረዱኝ» አልኩ።

ሁለቱን ተገፋፍተው ሲወጡ አይተዋቸው ኖሯል። ምንም አልጠየቁኝም። ሬዲዮውን ዘጉ፣ ቆባቸውን አስተካከሉ፣ የሱቁን በር ገርበብ አድርገው ተከተሉኝ። ገብተው ሶፋው መሐል ተቀመጡና፣ «ኧረ ምን ያስቆማችኋል፣ ጉልበታችሁ አያሳዝናችሁም? ቁጭ በሉ!» አሉ። ሦስቱ ተቀመጡ። ትልቁ ሲቀመጡ «እፎይ» ሲሉ ሁላችንም ሰማን።

ሀጂ የጠየቁት ይኼን ነው፦ ልጁ ምን ይሠራል? ሲናደድ ምን ይሆናል? እናቱን እንዴት ነው የሚያናግራት? በመጨረሻም ልጄን ከመጋረጃው ጀርባ ጠርተው፣ «አንቺስ ትወጂዋለሽ?» አሏት። ዓይኗ አብጦ «አዎ» አለች። «በቃ፣ አላህ ይባርክ፤ ሰጥተናል» አሉ። ሽማግሌዎቹም አሜን አሉ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ሲባል እሰማ ነበር። የእኔዎቹ ሩቅ እንኳ አልነበሩም።

ምርጫው ከዚያ በኋላ ነው። ቀበና ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ከማለዳው ተሰልፌ፣ ፀሐይ አናቴን ሲበሳኝ ደረሰኝ። ጣቴን ቀለም ነከሩኝ፣ ወረቀት ሰጡኝ፣ ከካርቶን መከለያው ጀርባ ገባሁ። መሰላሉ አለ። ወንፊቱ አለ። ሁለቱን ሳይ ስለ አገር ምንም አልታየኝም። የታየኝ የሽማግሌው ጉልበት ነው። አገሬን እዚያ ሣሎን ውስጥ ማየት የነበረብኝን ያህል አይቻታለሁ።

ከወረቀቱ ግርጌ አንድ የግል ተወዳዳሪ ነበር፤ ምልክቱ አካፋ። ማን እንደሆነ አላውቅም። ይማር አይማር፣ ይዋሽ አይዋሽ፣ ወሬውንም አልሰማሁ። እሱን መረጥኩ። ምክንያቴን ለሚጠይቀኝ፦ ቤቴ ገብቶ ያላጣላኝ እሱ ብቻ ነበር። ይኼ ምርጫ ነው? አይደለም። አውቃለሁ። አንዲት እናት መምረጥ የምትችልበት ሌላ መለኪያ ያስቀሩላት እንደሆነ እነሱን ጠይቋቸው።

የአካፋው ሰውዬ በውርደት ተሸነፈ። በሳምንቱ ታላቁ ደወለ፤ «እኛን ነው አይደል?» አለኝ። ከሱ በኋላ ታናሹ፤ «እኛን ነው አይደል?» ስለ ልጄ አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም። ሁለቱም ለሠርጉ ተጠሩ። እኔ ብሆን አልጠራም ነበር፤ የጠራቻቸው ልጄ ናት። «ይምጡ፣ እማ። ደም ናቸው» አለች። ደም! ደምማ ቁስልም ላይ አለ።

መጡ። አንዱ በዳሱ በዚህ ጥግ፣ አንዱ በዚያ ጥግ። በክብር ቦታው ላይ ሀጂ ተቀምጠዋል፤ ለሳቸውና ለቤተሰባቸው የእስላም ሥጋ በተለየ ድስት ተሠርቷል። የምርቃት ሰዓት ሲደርስ ታላቁ ወንድሜ ማን ይቀድመኛል ብሎ ድምፅ ማጉያውን ያዘ። ታናሹ ይኼን ሲያይ ከጥጉ ተነሥቶ መጥቶ አጠገቡ ተገተረ፤ ለብቻው ሊለቅለት ነው? ሁለቱ ጎን ለጎን ቆሙ። ልጄ በቬሎዋ ውስጥ ሆና ቀና አለች። ስትለምነኝ የነበረው ይኼንኑ ነው፤ ፊቷ ሲበራ አየሁት።

«እኛ አጎቶቿ» ብሎ ጀመረ ታላቁ፣ «በአባት ቦታ ሆነን ልጃችንን ያሳደግን፣ ዛሬ ደግሞ ለ...»

ቆመ።

የሙሽራውን ስም አያውቅም። ጠይቆ አያውቅም። አመጣጡን ጠይቋል፣ ስሙን አልጠየቀም። ድምፅ ማጉያው ያፏጫል፣ ሰው ይጠብቃል። ታላቁ ዞሮ ታናሹን አየ፤ በዓይኑ «ማነው ስሙ?» አለው። ታናሹም አየው። እሱም አያውቅም። ከስንት ዓመት በኋላ ወንድሞቼ ፊት ለፊት የተያዩት ያኔ ነው።

ሀጂ ከወንበራቸው ሳይነሡ የልጁን ስም ጮክ ብለው ጠሩ፣ የአባቱንም ጨምረው። ታላቁ ደገመው። ሰው አሜን አለ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። ልጄ እልልታው ውስጥ አጎቶቿን አላየቻቸውም። ተነሥታ፣ ቬሎዋን በሁለት እጇ ሰብስባ፣ የሀጂን ጉልበት ልትስም ሄደች።